ታሪክ መርማሪ ልሁን ስለሚል ልጅና ስለ ዘረት ዋሻ ምስክርነት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ግን የምናነሣው ከወላይታ ሶዶ አንድ አባት ያቀረቡልንን ጥያቄ ነው። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ካጋመሰ በኋላ ሕግም ሕክምናም ትቶ ታሪክን መረጠ፤ ከታሪክም ውስጥ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በአውሮፓ የተነሡትን የፋሺስት ማኅበሮችና እነርሱ በአገራችን፥ ይልቁንም በወላይታ የሠሩትን ሥራ እመረምራለሁ ብሎ ቈረጠ። አባቱም አልቆጡትም፤ ነገር ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ ያለፈውን የጠላት ነገር መቆፈር ለልጁ ምን እንጀራ፥ ለአገሩስ ምን ጥቅም እንደሚያስገኝ እንድንነግራቸው ጠየቁን።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ታሪክ መርማሪ መሆን የብዙ ዘመን ድካም ነው። አንደኛው ማዕረግ፥ ሁለተኛው ማዕረግ፥ ከዚያም ዶክትሬት እየተባለ ዕድሜ ይሄዳል፤ እኩዮቹ ቤት ሠርተው ልጅ ሲድሩ እርሱ ገና የኢጣሊያን ቋንቋ ሲያጠና ይገኛል። ዶክተር ከተባለም በኋላ ደመወዙ የመምህር ደመወዝ ነው። ይህን ለመሸፈን አንፈልግም፤ ልጁን የሚወድ ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። ጥቅሙን ግን በወሬ ከምንናገር፥ እንዲህ ያለ ወጣት አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገ ብንተርክ ይበልጥ ይገባል ብለን አሰብን።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ መሠረት ጥቂት እንበል። ቤኒቶ ሙሶሊኒ መጋቢት 14 ቀን 1911 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ ተከታዮቹን ሰብስቦ ማኅበሩን አቆመ፤ ስሙም ፋሾ ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ፍችው እስር ወይም ነዶ ማለት ነው። በጥቅምት ወር 1915 ዓ.ም. ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ተከታዮቹ ወደ ሮማ ዘመቱና ሥልጣኑን ያዘ። በጀርመንም ሂትለር በጥር 1925 ዓ.ም. መንግሥቱን ጨበጠ። ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ከየቤታችን ደጃፍ ደረሰ።

ከቤታችን ደጃፍ ማለታችን ለአነጋገር ያኽል አይደለም። የፋሺስት መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ፥ አንድ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ቢገኝ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በግንቦት 1932 ዓ.ም. ደግሞ ከሁለቱ ዘር የተወለደውን ልጅ ኢጣሊያዊው አባት ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው፥ ስሙንም እንዳያወርሰው ከለከለ፤ ማሳደጊያውም ሁሉ በአገሬው ወላጅ ላይ እንዲወድቅ አደረገ። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንውል ሰዎች የልጅ ቀለብ ክርክር ስንመዘግብ ስለምንኖር፥ አባትን ከልጁ ዕዳ በአዋጅ ነጻ የሚያወጣ ሕግ ስናነብ እጅግ ያስደንቀናል። ስለ ፋሺስት ማኅበር የሚመረምር ልጅ የሚያጠናው እንግዲህ የጦር ሰልፍን ብቻ አይደለም፤ የትዳርን፥ የልጅንና የስምን ነገርም ነው።

አሁን ወደ ተረካችን እንመለስ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ወጣት ኢጣሊያዊ የታሪክ ተማሪ የአባቶቹ ሠራዊት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሠራውን ለማወቅ በሮማ መዛግብት ቤት ተቀምጦ ያረጁ ቴሌግራሞችን ያገላብጥ ነበር። ከእነዚህም ወረቀቶች መካከል በሰሜን ሸዋ፥ ዘረት በሚባል ስፍራ በአንድ ዋሻ ላይ ስለ ተደረገ ዘመቻ የሚናገር ሰነድ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ገልብጦ ጽፎ ባለፈው ነበር፤ እርሱ ግን ሰነዱን ይዞ አገራችን መጣና በ1998 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ተማሪ ከነበረው ከዮናታን ሳህሌ ጋራ ወደ ስፍራው ወጣ። ዋሻውም አለ። አገኘው እየተባለ በጋዜጣ ሲጻፍ ቃሉ ጥቂት የበዛ ይመስለናል፤ የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ እያለ ሲጠራው ኖሯልና ለእርሱ የጠፋ አልነበረም። የጠፋው ለመጽሐፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1931 ዓ.ም. የአርበኛው የአበበ አረጋይ ሠራዊት በሸዋ ተራሮች ሲዋጋ፥ ስንቅ ጠባቂዎቹ፥ ቍስለኞቹ፥ ሽማግሌዎቹ፥ ሴቶቹና ልጆቹ በተሾመ ሻንቁጥ መሪነት በዚህ ዋሻ ተጠግተው ነበር። የኢጣሊያ ጦር ደርሶባቸው ከበባቸው። ከሚያዝያ 1 ቀን እስከ ሚያዝያ 3 ቀን የሆነውን ሰነዱ ይናገራል። በመጀመሪያ በመድፍና በመትረየስ ተሞከረ፤ ዋሻው ጥልቅ ስለ ነበረ አልሆነም። ከዚያ በኋላ የጦሩ የኬሚካል ክፍል መጥቶ ኢፕሪት የሚባለውን፥ ቆዳ የሚልጥና ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ወደ ዋሻው አፍ አወረደ። ጥቂቶች በሌሊት አምልጠው ወጡ። የቀሩት እጃቸውን ሲሰጡ ወንዶቹ በየቡድኑ እየተወሰዱ ተረሸኑ፤ ሴቶችና ልጆችም ብዙዎች በመርዙ አለቁ። የሞቱት ሰዎች ግምት ከ800 እስከ 1,500 ይደርሳል። የዚያን ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን የትንሣኤ በዓል መሆኑን ማንም የባሕረ ሐሳብ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቢቈጥር ያገኘዋል።

የመርዝ ጢስ በጦርነት እንዳይጣል በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተጻፈውን ውል ኢጣሊያም ፈርማ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

ከዶሚኒዮኒ በኋላ ዮናታን ሳህሌ ከስጳንያ አርኪዮሎጂስቶች ጋራ ሆኖ ዋሻውን መረመረ፤ ጥናታቸውም በ2003 ዓ.ም. ታተመ። እኛን ከሁሉ የነካን ይህ ክፍል ነው። በዋሻው ውስጥ የሰው ዐፅምና የጥይት ቀለህ ብቻ አልተገኘም፤ የእህል ጎታ፥ የሸክላ ስብርባሪ፥ ቅርጫት፥ የቤት ዕቃ ሁሉ ተገኘ። ቴሌግራሙ ዐመፀኞች ተደመሰሱ ይላል፤ ጎታው ግን በዚያ ቤተ ሰብ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ጎታ ይዞ የሚሸፍት ሽፍታ የለም። እንግዲህ ከሮማ የመጣው ወረቀት፥ የአገሬው ሽማግሌ ቃልና በዋሻው የቀረው ዕቃ ሦስቱ ተገናዝበው አንድ እውነት ወጣ። ዶሚኒዮኒም ይህንና ሌላውን ግኝቱን በአንድ መጽሐፍ አድርጎ በ2000 ዓ.ም. በአገሩ አሳተመ።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ የኬሚካል ክፍል ያገለገለ አሌሳንድሮ ቦአልዮ የሚባል የበታች ሹም ያየውን በማስታወሻ ጽፎ ኖሮ፥ ጽሕፈቱ በ2002 ዓ.ም. ታተመ። ያ ሰው በሕይወቱ ሳለ ወረቀቱን አቃጥሎት ቢሆን ማንም ባልከሰሰው ነበር። አላቃጠለውም።

በፍርድ ቤት ያየ ምስክርና የሰማ ምስክር አንድ እንዳልሆኑ ክቡራን አንባብያን ያውቃሉ። ታሪክ መርማሪም እንደ ዳኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው ከዳኛ ሥራ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ፤ ምስክሮቹን በመጥሪያ ሊያስቀርባቸው አይችልምና። የደብረ ሊባኖስን ነገር እንመልከት። ግራዚያኒ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በገዳሙ መነኮሳትና ዲያቆናት ላይ ያስፈጸመውን ግድያ ለሮማ ሲያስታውቅ ቍጥራቸውን 449 አድርጎ ጻፈ። ይህ ቍጥር የገዳዩ የራሱ ቍጥር ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን እንደ ተጣራ ይታሰብ ነበር፤ ሰው በራሱ ላይ አብዝቶ አይመሰክርም፥ አሳንሶ ሊመሰክር ግን ይችላል የሚል ሰው አልተገኘም። በኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከሞት የተረፉትንና የአካባቢውን ሰዎች እየጠየቁ፥ የተገደሉበትን ስፍራ እየተመለከቱ ባደረጉት ምርመራ ቍጥሩ ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ ገመቱ። ከ449 በላይ ያሉት ነፍሶች ስድሳ ዓመት ያኽል በመዝገብ ሳይገቡ ቆይተው ነበር ማለት ነው።

ሥራው ወዳጅ እንደማያፈራም አባትየው ይወቁ። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣሊያዊ ጸሓፊ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጢስ መጣሉን በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሲገልጥ፥ የድሮ ወታደሮች ሐሰተኛና የአገር ከዳተኛ እያሉ ሰደቡት፤ የታወቀው ጋዜጠኛ ሞንታኔሊም እኔ በዚያ ነበርሁ፥ ጢስ አላየሁም እያለ ለብዙ ዓመታት ተከራከረው። ዴል ቦካ ግን ሰነድ በሰነድ ላይ እየጨመረ ቆየ። በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር መርዙ መጣሉን አመነ፤ ሞንታኔሊም ቃሉን ለወጠ። ከ1957 እስከ 1988 ዓ.ም. 31 ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከልጁ የሚጠብቅ ወላጅ ራሱም ሊታገሥ ይገባዋል።

የእኛ መንግሥትም በጊዜው ዝም አላለም። የፍርድ ሚኒስቴር ጠላት ራሱ የጻፋቸውን ቴሌግራሞችና በመሐላ የተሰጠ የምስክሮች ቃል ሰብስቦ በሁለት ክፍል አሳተመ፤ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮንም አቀረበ። ኮሚሲዮኑ በ1940 ዓ.ም. ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉባቸውን የኢጣሊያ ሹማምት የሚያስከስስ ማስረጃ አለ ብሎ ተቀበለ። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ደም ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለፍርድ አልቀረበም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስላበረ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣሊያ መንደር ለስሙ ሐውልት ቆመለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ነገር ግን የተወጋውም ልጅ መዝገቡን ካላነበበ መርሳቱ አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ወላይታ እንምጣ፤ የልጁ ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው በዚያ ነውና። የወላይታ አገር በ1887 ዓ.ም. ንጉሡ ካዎ ጦና ድል ከሆኑ ወዲህ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ነበረ፤ ገበሬውም በገባር ሥርዓት ነፍጠኛውን ይቀልብ ነበር። ጠላት አገሩን ሲይዝ ይህን ቅሬታ አወቀበት፤ የገባርን ሥርዓት ሽሬአለሁ እያለም የሰውን ልብ ሊስብ ሞከረ። ስለዚህ በሸዋና በጎጃም ሰው አንደበት የምንሰማው የአምስቱ ዓመት ታሪክ ለሶዶ ሰው እንዳለ ልክ አይሆነውም። ሽማግሌው ያ ዘመን ቀንበሩ የቀለለበት ዘመን ነበር ቢል፥ ወጣቱ መርማሪ ሊቆጣው አይገባም፤ አርበኞችን ደስ ያሰኛል ብሎም ሌላ ቃል በአፉ ሊጨምርለት አይገባም። የተባለውን ጽፎ፥ ቀንበሩን ያቀለለው ያው መንግሥት በዘረት ምን እንዳደረገ ከጎኑ ያኑር። ሁለቱም እውነት ናቸው።

በወላይታ የፋሺስቱ እጅ በሌላም መንገድ ይታያል። ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በሶዶ ይኖሩ የነበሩት የውጭ አገር ሚሲዮኖች በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከከተማው እንዲወጡ ተደረገ። ሲወጡ ያጠመቋቸው ሰዎች 48 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሹማምቱ የጸሎት ቤቶቹን አፈረሱ፤ ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎችንም አሠሩና ገረፉ። ሚሲዮኖቹ በ1935 ዓ.ም. አካባቢ ወሬያቸውን ሲሰሙ ምእመናኑ ወደ 10,000 ገደማ እንደ ሆኑ ተነገራቸው። ይህን ታሪክ ፖል ባሊስኪ የተባለው መርማሪ የወላይታን ሽማግሌዎች እየጠየቀ ለዶክትሬት ጽፎታል። የሃይማኖቱን ነገር ለሃይማኖት መምህራን እንተወውና፥ ከመንግሥት ወገን ያለውን ነገር ብቻ ብናስተውል፥ ሁሉን በእጄ አደርጋለሁ የሚል አገዛዝ አንድን ነገር በጅራፍ ሊያጠፋ ተነሥቶ እንዴት እንዳበዛው የሚታይበት ስፍራ ሶዶ ናት። ለመርማሪ ይህ ትልቅ ርእስ ነው።

ደግሞም የወላይታ ወረቀት በወላይታ ብቻ አይገኝም። ኢጣሊያ በግንቦት 1928 ዓ.ም. አገራችንን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋራ ደባልቃ በስድስት ግዛት ስትከፍል፥ ወላይታ ዋና ከተማው ጅማ በሆነው ግዛት ውስጥ ገባች። ስለዚህ የሶዶ ሹም የጻፈው ደብዳቤ ወደ ጅማ፥ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ ሮማ ይሄድ ነበር። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ሶዶን ያስለቀቀው ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪቃ ሰዎች ተመልምለው በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የዘመቱበት ጦር ስለ ሆነ ደግሞ፥ የዚያ ወሬ በሎንዶን መዝገብ ይገኛል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተወለደ ልጅ የአያቱን መንደር ስም በሮማ ወይም በሎንዶን ወረቀት ላይ፥ ምናልባትም ፊደሉ ተጣሞ ሊያነብበው ነው። የወላይታን ቋንቋ የማያውቅ መርማሪ ያን የተጣመመ ስም አይቶ ያልፈዋል፤ ይህ ልጅ ግን ያውቀዋል። ከኢጣሊያዊውም ከእኛም ይልቅ ለሥራው የተገባ የሚያደርገው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

መንገዱን የጀመረ የአገር ሰው የለም እንዳይባል፥ ዶክተር ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴን እንጠቅሳለን። እኒህ ሴት በ1967 ዓ.ም. ስለ ዳሞትና ስለ ወላይታ ጥንታዊ ታሪክ ጥያቄ አንሥተው ጻፉ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በጠላት ወረራ ጊዜ ስለ ተዋጉ ሴቶች አሳተሙ። እንደ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምና እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት ሴቶች ስማቸው በግጥምና በወሬ ብቻ እንዳይቀር ያደረጉ እንዲህ ያሉ ጸሓፊዎች ናቸው። ወይዘሮ ከበደች ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ አራስ ሳሉ ጦር እንደ መሩ ዛሬ የሚያውቅ ልጅ ያወቀው ጽፎ ካቆየለት ሰው ነው። በቤቱ ሴት ልጅ ያለችው አባትም ታሪክ የወንዶች ትምህርት ነው እንዳይል አደራ እንላለን።

ለመኳንንቱና ለሹማምቱ ቤት ደግሞ ደስ የማያሰኝ አንድ ነገር መናገር ግድ ሆኖብናል። ልጁ መዝገብ ሲከፍት የአርበኞችን ስም ብቻ አያገኝም፤ ከጠላት ደመወዝ የበሉትን ስም ያገኛል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዛሬ በክብር የምንሰማቸው ቤቶች አያቶች ይሆናሉ። ምናልባት የገዛ ዘመዱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር በተገኘ ጊዜ አንዳንድ ቤተ ሰብ ወረቀቱን መደበቅ፥ ሌላውም በጎረቤቱ ላይ መጮህ ይቀናዋል። እኛ ሁለቱንም አንወድም። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ቀን ከጠላት ጋራ እየዋለ ሌሊት ለአርበኞች ጥይትና ወሬ የሚልክ የውስጥ አርበኛ ብዙ ነበር፤ ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ ባንዳ ነበረ ብሎ የሚፈርድ መርማሪ ሥራውን አልፈጸመም። ፈልጎ ያላገኘለትን ሰው ደግሞ በዘመድ ፍቅር ነጻ ሊያወጣው አይችልም። አባትየው ይህ ቀን ሲመጣ ከልጃቸው ጎን ይቆሙ እንደ ሆነ ከወዲሁ ቢያስቡ መልካም ነው፤ ከደመወዙ ይልቅ የሚያስጨንቅ ይህ ነውና።

ጊዜውም አጭር ነው። በ1929 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከመቶ ዓመት አልፎት ነበር። ያዩት አልፈዋል ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ካዩት አፍ የሰሙት ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ባሉት ዓመታት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሲሉ በየአውራጃቸው ሽማግሌ ጠይቀው የጻፏቸው ወረቀቶች ዛሬ በዋጋ የማይገኙ ሆነዋል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ለፈተና ብሎ በጥድፊያ የጻፈው፥ የጠየቃቸው ሁሉ ስላለፉ ብቸኛው ምስክር ሆኖ ቀርቷል። ልጁም የዩኒቨርሲቲ ማዕረጉን ሳይጠብቅ አሁን ይጀምር። በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በሌላ፥ በእረፍቱ ወራት ወደ ቤቱ ሲመለስ የሰፈሩን ሽማግሌ በቋንቋቸው ይጠይቅ፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ ይጻፍ፤ ስማቸውን፥ መንደራቸውን፥ የተነጋገሩበትን ቀን ያኑር፤ ጽፎ ሲጨርስም መልሶ ያንብብላቸው። ይህን የመጨረሻውን በፍርድ ቤት ሳናደርግ አናልፍም፤ ብዙ ስሕተት የሚታረመው በዚያ ነው።

አባትየውም የሚሠሩት ሥራ አላቸው። በቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ ደብዳቤ፥ የአርበኝነት ሜዳይ ምስክር ወረቀት፥ የግብር ደረሰኝ፥ ፎቶግራፍ ሁሉ ከምስጥና ከጢስ ይጠበቅ፤ ያረጀ ወረቀት እየተባለ ለባለ ሱቅ መጠቅለያ አይሰጥ። በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ የሰዎቹ ስም ካልተጻፈ እናት በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በእርሳስ መጻፍ ነው፤ ቀለም ወደ ፊት ይዘልቃልና አይሆንም። ዋናውን ከቤት ማውጣት የማይወድ ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ግልባጩን በአዲስ አበባ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፥ ወይም በስድስት ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊሰጥ ይችላል፤ ሲሰጥ ግን የሰጪው ስምና ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበል።